የእትዬ ጥርሴ አርባ አራት እስረኞች

ከአማቴ ጋር በአንድ ክፍል ስሠራ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «አቤት ትዕግሥት!» ይለኛል። ትዕግሥት አይደለም፤ የኪራይ ውድነት ነው። ክፍሏ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ናት። ርዝመቷ ስድስት እርምጃ፣ ጣሪያዋ ደረጃውን ተከትሎ ወደ ታች የሚወርድ፣ ቁመተ ረጅም ደንበኛ ግንባሩን ሳይመታ የማይወጣባት። በመስኮቱ በኩል እኔ ሰዓት እጠግናለሁ፤ በበሩ በኩል አማቴ የአንገት ጌጥ ይሰካሉ። ክሩ የላላ፣ የተበጠሰ፣ መቆለፊያው የጠፋ ሐብል ይመጣላቸዋል። ፈትተው፣ አጥበው፣ በአዲስ የሐር ክር መልሰው ይሰኩታል፤ በየዶቃው መካከል ደግሞ አንድ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ፤ ክሩ ቢበጠስ የሚወድቀው አንዱ ብቻ እንዲሆን። እጃቸውን አልነቅፍም። እጃቸው ወርቅ ነው።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን በእጃቸው አይደለም፤ በጥርሳቸው ነው። ሉል፣ ያ ከባሕር ዛጎል ሆድ የሚወጣው ነጭ ዕንቁ፣ እውነተኛው ከሰው ሠራሹ የሚለይበት ብዙ መንገድ አለው። አማቴ የሚያውቁት አንዱን ነው። ሉሉን በሁለት ጣት ይይዙና ከላይኛው የፊት ጥርሳቸው ጫፍ ላይ ቀስ አድርገው ያሹታል። እውነተኛ ከሆነ ደቃቅ አሸዋ እንዳለበት ሁሉ ይሻክራል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ይቆዩና ፍርድ ይሰጣሉ። «እውነት።» «ውሸት።» ሌላ ቃል የለም፤ ይግባኝም የለም። «እትዬ ጥርሴ» የተባሉት በዚህ ነው። ዋናው ጎዳና ላይ ያሉት ወርቅ ቤቶች እንኳን ሲጠራጠሩ «እስቲ እትዬ ጥርሴ ጋ ሂጂና አሳይያቸው» እያሉ ሰው ይልካሉ።

እኔን የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? እጃቸው በሚደርስበት ርቀት ላይ፣ ዓይኔ ላይ የምሰካው የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር አለኝ። ሉል ለክር ሲበሳ የቀዳዳው አፍ ሁሉን ይናገራል። ሰው ሠራሹ ቀለም የተቀባ መስታወት ስለሆነ ቀዳዳው ዙሪያ ይላጣል፣ ከሥሩ መስታወቱ ብቅ ይላል። እውነተኛው ግን እስከ ውስጡ ያው ራሱ ነው። ሕፃን ልጅ ይለየዋል። «እማማ፣ እስቲ በዚህም ይዩት» ብያቸው አንድ ቀን እሺ ብለው አያውቁም።

«ዓይን የወደደውን ያያል፤ ጥርስ ግን ማንንም አይወድም» ይሉኛል።

«ነገር በዓይን ይገባል ሲባል አልሰሙም?»

«የሚገባው ነገር ነዋ! ሉል መች አሉ?»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ትቼ ወደ ሰዓቴ እመለሳለሁ።

ሌላም ሕግ አላቸው። እውነተኛና ሰው ሠራሽ ሉል በአንድ ክር አይሰኩም። ገንዘብ ቢደረብላቸው፣ ቢለመኑ፣ ቢለቀስባቸው ወይ ፍንክች! እውነተኛውን ለብቻው ይሰኩና ውሸት ያሉትን ለባለቤቱ ይመልሳሉ። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ተናዶ «ምን ያደርግልኛል፣ ይጣሉት» ይላል። እሳቸው ደግሞ መጣል አይሆንላቸውም። ጠረጴዛቸው ሥር አንድ ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ አለ፤ «እስር ቤት» ይሉታል። ውሸታሙ ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። የጎረቤታችን ልብስ ሰፊ አልፎ አልፎ እየመጣ ከእስረኞቹ አንድ እፍኝ ዘግኖ የሙሽራ ቀሚስ ያስጌጥባቸዋል።

አሁን ወደ ጥርሱ ልምጣ። አምና ከራሳችን ደረጃ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ሁለት የፊት ጥርስ ተሰበረ፣ አራቱ ተነቃነቁ፤ ሐኪሙ ስድስቱንም አወጣቸውና በምትካቸው የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ አደረገላቸው። እስኪሠራ ድረስ ቤት ውስጥ እንኳን አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ሰነበቱ። ከገባላቸው በኋላ ነገሩ እንዳልነበረ ሆነ። ሲያወልቁ ያየ የለም፤ ሲያጥቡ ያየ የለም። ሚስቴ «ስለ እማዬ ጥርስ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ውርድ ከራሴ» አለችኝ። ልጃቸው እሷ ናት፤ ታውቃቸዋለች። እኔም አፌን ዘጋሁ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ጥርስ የሚሰማው ድድ ውስጥ ሥር ስላለው ነው፤ ፕላስቲክ ምን ሥር አለው? እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ማሸታቸውን ቀጠሉ። ከሚመጣላቸው አሥር ሐብል ዘጠኙ ሰው ሠራሽ ስለሆነ፣ ሁሉን «ውሸት» ቢሉም ብዙ አይስቱም ነበር። እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ።

ከዕለታት አንድ ቀን ማለዳ ከፊት ለፊታችን ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት መጣች። ወደ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ቁጥብ ሴት ናት። ከነጭ ጋዋኗ ኪስ አንድ ሐብል አወጣች፤ አርባ ሰባት ሉል፣ በላላ ክር ላይ።

«እትዬ፣ ክሩን ይቀይሩልኝ። በዚያውም...» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በዚያውም እውነተኛ መሆኑን ይዩልኝ። የባሌ እህት ‹ይሄ እኮ የገበያ ነው› ብላኝ ነገሩ ሆዴን በላኝ።»

«ከየት አገኘሽው?»

«እህቴ ናት ለሠርጌ ያጠለቀችልኝ። እናታችን ስትሞት ለእሷ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። እኔን ያሳደገችኝም እሷ ናት።»

አማቴ ክሩን ቆረጡ። ሉሎቹን ግራጫ ጨርቅ በለበሰችው ባለ ቦይ ሰሌዳቸው ላይ በተርታ ደረደሩና አንድ በአንድ ማሸት ጀመሩ። ውሸት። ውሸት። ውሸት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር፤ አሥረኛው ላይ ፈገግታዋ ጠፋ፣ ሃያኛው ላይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጨረሻ ላይ ከመቆለፊያው አጠገብ የነበሩት ሦስት ሉሎች ብቻ «እውነት» ተባሉ። አርባ አራቱ ውሸት።

«ሦስት ብቻ?» አለች።

«ሦስት ብቻ።»

«ታዲያ የእናቴ የት ሄደ?»

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው ሉል ነው። እህትሽን አላውቃትም» አሉ አማቴ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ይህችን ቃል ባይጨምሩ ኖሮ ምናልባት ነገሩ ይበርድ ነበር። የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። ሦስቱን ብቻ ሰክተው እንዲሰጧት ጠየቀች፤ የቀሩትን «ይጣሉት» አለች። አርባ አራቱም እየተንኳኩ እስር ቤት ወረዱ። እኔ አጉሊ መነጽሬን ይዤ «እማማ፣ እስቲ አንዴ...» ብዬ ገና ከመጀመሬ ዞር ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። መነጽሬን ወደ መሳቢያዬ መለስኩ። ስለዚህ በዚህ ጥፋት ውስጥ የእኔም እጅ አለበት፤ አልክድም።

ሦስት ሳምንት ሲሆን አንዲት ከስድሳ ያለፈች ሴት በራችን ላይ ቆመች። ቀጭን ናት፤ የጣቶቿ ጫፍ ደንድኗል። በኋላ እንደተረዳሁት ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ስትጠርዝ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ ጥርሴ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፤ ግቢ።»

«አልገባም። የባለ መድኃኒት ቤቷ እህት ነኝ። እህቴ በሬን ከረገጠች ሦስት ሳምንቷ ነው። የመጨረሻ ቀን መጥታ ይቺን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ‹የቀረውን ለማን ሸጥሽው?› ብላኝ ወጣች።» ሦስት ሉል የተሰካባትን ክር አሳየች። «ስደውል አታነሳም። ልጇንም እንዳላያት ከለከለችኝ። ያቺን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ በየሳምንቱ ሳላያት ቀርቼ አላውቅም።»

«እኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አሉ አማቴ።

«እሱን ነው የመጣሁበት። ድሮ አውቶቡስ ውስጥ ክሩ ተበጥሶብኝ ሦስት ሉል ጠፋ። እህቴ እንዳታዝን ብዬ ሳልነግራት ከገበያ ሦስት የመስታወት ገዝቼ ከመቆለፊያው አጠገብ ተካሁ። ፀጉር ሥር ስለሚውሉ አይታዩም ብዬ።» ክሩን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው። «እርስዎ እውነት ያሏቸው እነዚያን ሦስቱን ነው።»

እኔ የያዝኩት መፍቻ ከእጄ ወደቀ። አማቴ ግን ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ እዚህ ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጫለሁ። ጥርሴ ዋሽቶ አያውቅም።»

«እኔም እህቴን ዋሽቼ አላውቅም፤ ከሦስት ሉል በቀር» አለችና ሄደች።

አማቴ ምሳቸውን ሊበሉ ሲወጡ ክሯን አንስቼ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰካሁ። ሦስቱም ቀዳዳቸው ዙሪያ ተልጧል፤ ከሥር መስታወቱ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ያበራል። የሻከራቸው ለካ የተላጠው ቀለም ነው! ፕላስቲኩ ጥርስ የተሰማው ይህን ብቻ ነው። ጠርሙሱን ከፍቼ ከላይ ከላይ ካሉት አንዱን አወጣሁ። ንጹሕ ቀዳዳ፣ አንድ ወጥ ገላ። ሌላ አወጣሁ። እውነት። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ሁሉም እውነት። ቆሽቴ አረረ! አሥራ ሁለት ዓመት «በዚህ ይዩት» ስል፣ አሥራ ሁለት ዓመት እንደ ዝንብ ስባረር! አሁን ሁለት እህትማማች ተኳርፈው፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆኖ፣ እሳቸው ተረጋግተው ምሳ ይበላሉ።

ሲመለሱ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው።

«እማማ፣ ሁሉም እውነተኛ ናቸው። የመስታወቶቹ እነዚያ ሦስቱ ናቸው።»

«ሰዓትህን ሥራ።»

«አይቻቸዋለሁ እኮ! በዓይኔ በብረቱ!»

«አንተ ያየኸውን እኔ ዳስሼዋለሁ።»

«በምን ዳሰሱት?» አልኩ፤ ከዚህ በኋላ ራሴን መግታት አቃተኝ። «በምን? ያ እኮ ጥርስ አይደለም! ፕላስቲክ ነው! ከአምና ጀምሮ ፕላስቲክ ነው!»

በቤታችን ለአንድ ዓመት ሰው ሁሉ እየዞረ ያለፈውን ነገር መሐል ወለል ላይ ዘርግፌዋለሁ። የሚስቴ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝ። ደረጃው ላይ አንድ ሰው ኮቴውን እያሰማ ከራሳችን በላይ አለፈ። የሚሰማው እሱ ብቻ ነበር።

«የጆሮዎን ጉትቻ ይሹት» አልኩ በመጨረሻ ቀስ ብዬ። «እሱን እንኳን ያውቁታል።»

ጉትቻቸው አንዳንድ ሉል ያላት ናት። ሟቹ ባለቤታቸው የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ በተጋቡ በዓመቱ የሰጧቸው ነው። በሰጧቸው ማታ እዚያው ፊታቸው ላይ በጥርሳቸው አሽተው «እውነት» ማለታቸውን፣ ባልየውም በሳቅ መፍረሳቸውን እየደጋገሙ ይነግሩን ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከጆሮአቸው አልወረደም።

አንዱን አወለቁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፣ አሹት። ቆዩ። ደግመው አሹት። ሌላኛውን አወለቁና እሱንም አሹት። ከዚያ ዓይናቸውን ሲከፍቱ እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባቸው አላውቅም፤ የባለቤታቸው ቀብር ዕለት እንኳን።

«እሱም ዋሽቶኝ ነበር?» አሉ።

ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። «ኧረ አይደለም እማማ፣ ይስጡኝ» ብዬ ተቀብያቸው መነጽሬን ሰካሁ። ሁለቱም እውነተኛ ነበሩ። «እውነት ናቸው። ጋሼ አልዋሹዎትም። ይኸው ራስዎ ይዩ።» መነጽሩን ዓይናቸው ላይ መያዝ አልቻሉበትም፤ በሁለት ጣቴ ያዝኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጉትቻቸውን መልሰው አጠለቁና እጃቸውን ወደ እስር ቤቱ ዘርግተው «ገልብጠው» አሉኝ።

ያን ጠርሙስ ማጣራት ምን እንደሚመስል ለጠላቴ አልመኝም። የብዙ ዓመት እስረኛ ነው፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ነጭ፣ ቢጫ የመታው። ሁለት ቀን ሙሉ የደንበኛ ሰዓት እየጠበቀኝ አንድ በአንድ አየሁ። እሳቸው ያቀብሉኛል፤ እኔ እፈርዳለሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ በመጠንና በቀለም እየለየን፣ ከአርባ አራቱ ሠላሳ ስምንቱን አገኘን። ስድስት ጎደለ።

«ልብስ ሰፊው!» አልን በአንድ አፍ።

ሮጥን። ልብስ ሰፊው አንድ የሙሽራ ቀሚስ ለልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አልብሶ የመጨረሻውን ክር እየቆረጠ ነበር። አንገትጌው ላይ ሃያ ዘጠኝ ሉል ተሰፍቶበታል፤ ሙሽራዋ በማግሥቱ ጠዋት ትወስደዋለች።

«አንዳንዶቹ ይፈታሉ» አሉት አማቴ።

«ምን ሲደረግ! ውሸት ናቸው ብለው በእጅዎ የሰጡኝ እርስዎ አይደሉ?»

«ተሳስቼ ነው።»

ልብስ ሰፊው በአፉ የያዛቸውን መርፌዎች ሊውጣቸው ነበር። የሰማውን ትክክል መስማቱን ለማረጋገጥ እኔን አየኝ። እኔም አላመንኩም። ከዚያ በኋላ እኔ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ የአሻንጉሊት ደረት ላይ አፍንጫዬን ለጥፌ ሉል ስቆጥር፣ ልብስ ሰፊው ከኋላዬ «ላብህ እንዳይነካብኝ! ኧረ ቀስ በል!» እያለ ሲጮህ፣ አንዲት ደንበኛ መጥታ ምንም ሳትል ተመልሳ ወጣች። ስድስቱ ተገኙ። አማቴ ራሳቸው ፈትተው በምትካቸው ስድስት እስረኛ ሰፉለት።

በማግሥቱ ሐብሉን ሰኩ። አርባ አራቱን ብቻ ይሰካሉ ብዬ ስጠብቅ ሦስቱን የመስታወት ሉሎች አነሱና ከመቆለፊያው አጠገብ፣ በነበሩበት ቦታ አስገቧቸው። የአርባ ሰባቱም ቋጠሮ እኩል ነው።

«ተነሥ፣ እንሂድ» አሉኝ።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ተሰልፏል። እስኪያልቅ እንጠብቅ ስላቸው እንዳልሰማ ሆነው በሰልፉ አጠገብ አልፈው ባንኮኒው ላይ ሐብሉን ዘረጉት።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አርባ አራቱም እውነተኛ ናቸው። እህትሽ የወሰደችብሽ ነገር የለም። መስታወት የሆኑት ሦስቱ ናቸው፤ እነሱንም አንቺ እንዳታዝኚ ብላ ነው የተካቻቸው።»

የሴትዮዋ እጅ የያዘውን የሽሮፕ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ሐብሉን አልነካችውም። «ለማን ሸጥሽው አልኳት እኮ» አለች። «እኔ... እንዲህ ብያት...» ጋዋኗን አወለቀች፣ ሰልፈኛውን ለረዳቷ ተወች፤ «አብረውኝ ይምጡ፣ እኔ ብቻዬን ብሄድ በር አትከፍትልኝም» አለች።

የታላቅየዋ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አማቴ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። ባለ መድኃኒት ቤቷ አንኳኳች። በሩ ተከፈተ።

«እውነተኛ ነው» አለች ታናሽየዋ ሐብሉን በሁለት እጇ ዘርግታ። «ሁሉም እውነተኛ ነው፤ ታይቷል።»

«አውቃለሁ» አለች ታላቅየዋ።

«ይቅር በይኝ፤ አሁን አመንኩሽ።»

«አሁንማ ማመን ማንን ያቅተዋል?»

በሩ ተዘጋ። አልተወረወረም፤ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ባለ መድኃኒት ቤቷ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። እኔ በውስጤ፣ ይኸው፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሏችኋል ይሄ ነው እያልኩ ቆምኩ። ሉሉ ተገኘ፣ ተለቀመ፣ ተሰካ፣ ተረጋገጠ፤ ምንም አልፈየደም። ታላቅየዋ የፈለገችው ማስረጃ ሳይመጣ መታመን ነበር። ያ ደግሞ አልፏል።

አማቴ ወደ በሩ ተጠግተው አንኳኩ። ደግመው አንኳኩ፤ በመዳፋቸው፣ ጮክ አድርገው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ባለ ጥርሷ።»

በሩ እጅ በሚያሳልፍ ያህል ተከፈተ። አማቴ እጃቸውን ወደ አፋቸው አስገቡና ያን ጥርስ አወለቁት። ልጃቸው ያላየችውን፣ እኔ ያላየሁትን። መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ስንጥቁ አቀረቡት። አፋቸው ወደ ውስጥ ገባ፤ በአንድ ጊዜ አሥር ዓመት አረጁ። ሲናገሩ ቃሉ እያፏጨ ነበር የሚወጣው።

«እህትሽ ያመነችው ይሄንን ነው። የሰው ጥርስ መስሏት ነው። እኔ ደብቄያት ነው፤ ሁሉንም ሰው ደብቄ ነው። እሷ ምን ታድርግ?» ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ። «እኔስ? እኔም በዚሁ ፕላስቲክ ባሌን ጠረጠርኩት። ዋሽቶኝ ነበር አልኩት። ከሞተ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ይቅር በለኝ ብዬ የማንኳኳው በር የለውም። አንቺ ግን በር አለሽ። ይኸው፣ እህትሽ በርሽ ላይ ተቀምጣለች።»

ታላቅየዋ መዳፋቸው ላይ ያለውን ነገር አየች። ስድስት ነጭ ጥርስ፣ በሮዝ ድድ ላይ። ከዚያ የእሳቸውን ፊት አየች። ከዚያ ደረጃው ላይ ያለችውን።

«በሉ መጀመሪያ ጥርስዎን ይመልሱ፤ ሰው ይወጣል ይወርዳል» አለች።

በሩን ሳትዘጋው ወደ ውስጥ ገባች። ታናሽየዋ ተነሥታ ልግባ አልግባ እያለች ቆመች። አማቴ ጥርስ ባልያዘው እጃቸው ጀርባዋን ይዘው ወደ ውስጥ ገፏት። ከውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ ከዚያ የታላቅየዋ ድምፅ «ልጅቷ ደህና ናት?» ሲል።

እኔና አማቴ ደረጃው አናት ላይ ቀረን። ጥርሱን ለመመለስ ሞከሩ፤ አልገባም አለ። መሐረቤን ልሰጣቸው ስጠጋ ቀና ብለው አዩኝ። ያ የማውቀው አስተያየት አልነበረም።

«ዞር በል» አሉኝ።

ዞርኩ። ጨረስኩ እስኪሉኝ ድረስ ግድግዳውን እያየሁ ቆምኩ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።